አቼቶ ለእሱ፣ ሶዳ ለእሷ

ሽታና ሐሜት የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ በሩን ብትዘጋባቸው በመስኮት ይገባሉ። ይህን ከዓሣ ሻጩ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከገበያ ወደ ቤቱ ሲመለስ አውቶቡስ ውስጥ ወንበር አጥቶ አያውቅም። ገና አንድ እግሩን ሲያስገባ ከፊቱ ሁለት፣ ከጎኑ አንድ ወንበር ይለቀቅለታል። እሱም "እግዜር ይስጥልኝ" ይልና አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ዓይን አፋር ሰው ነው። ገበያ ላይ "ዓሣ! ዓሣ!" ብሎ ሲጣራ የሚሰማው ዓሣው ብቻ ነው እያሉ የሥራ ጓደኞቹ ይቀልዱበታል።

ሚስቱን ያገኛትም እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነው። አንድ ቀን አንዲት ሴት መጥታ ከአጠገቡ ቁጭ አለች። ሌላ ቦታ ያጣች መስሎት ዞር ቢል ግማሹ አውቶቡስ ባዶ ነው።

"ልነሳልሽ?" አላት።

"ለምን?"

"እሸታለሁ።"

"እኔ የምውልበትን ብታሸትት እንዲህ አትልም ነበር" አለችና መስኮቱን ዘጋችው።

በስድስተኛው ወር ተጋቡ።

ሴትዮዋ የከረሜላ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ከረሜላው አናናስ አናናስ፣ እንጆሪ እንጆሪ እንዲል የምታደርገው እሷ ስለሆነች ሰው ሁሉ "ቀማሚዋ" ይላታል። ይህን የሚሰማ ሰው ቀማሚዋ ስትውል ስታድር እንደ አበባ የምትሸት ይመስለዋል። የለም! የአናናሱ ሽታ የሚሠራው ቡቲሪክ አሲድ ከሚባል ነገር ነው። ቡቲሪክ አሲድ ደግሞ በራሱ ሲሸት፣ ሕፃን ያስመለሰው ወተት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ነው የሚመስለው። አንዲት ጠብታ ሽርጥ ላይ ካረፈች ውሻ እንኳ መንገድ ቀይሮ ይሄዳል። ቀማሚዋ ግን መድኃኒቱን ታውቃለች። ከፋብሪካው ሳትወጣ እጇን በቤኪንግ ሶዳ ትታጠባለች፣ ሽርጧንም በሶዳ ውሃ ነክራ ትጨምቀዋለች። ሽታው እልም ይላል። ከፋብሪካው ውጭ፣ ከባሏ በስተቀር ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

እሱም የራሱ መድኃኒት አለው፤ አቼቶ። የዓሣ ሽታ አቼቶ ካየ እንደ ሌባ ይጠፋል።

ስለዚህ ቤታቸው ውስጥ ሁለት ሳፋ አለ። ሰማያዊው የእሱ ነው፣ አቼቶ ይጨመርበታል። ቀዩ የእሷ ነው፣ ሶዳ ይጨመርበታል። "እንዳታቀላቅል" ብላዋለች በተጋቡ ማግስት። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ጥያቄ መጠየቅ የሚከብደው ሰው ነው።

ችግሩ አማቱ ናቸው። አማቱ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ኃላፊ ሆነው ሠላሳ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አንሶላ አሽትተው ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ይናገሩ ነበር ይባላል። እንዲህ ያለ አፍንጫ ላላት ሴት ልጇ ዓሣ ሻጭ አገባች ማለት ለዘፋኝ ሰው ጆሮው ሥር ቆርቆሮ መደብደብ ነው። የሠርጉ ቀን መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ኬኩ ሳይቆረስ ሄዱ።

"የኔ ልጅ ከፍራፍሬ ጋር ነው የምትውለው" ይሉ ነበር ለሰው ሁሉ፣ "ምን ጎድሎባት ነው ዓሣ ቤት የገባችው? እኔ ዓሣ የሚሸት ቤት አልረግጥም።"

እንዳሉትም አራት ወር ሙሉ አልረገጡም። ልጃቸው ስትደውል "ደህና ነኝ" ብለው ይዘጋሉ። ቀማሚዋም ስልኩን አስቀምጣ ኩሽና ትገባና ሽንኩርት ሳትልጥ ታለቅሳለች። ባሏም ይህን ያያል። በእሱ የተነሳ እናቷን እያጣች ነው፤ ምን ያድርግ? ሥራውን ይተው? ከዓሣ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ እናትየው ራሳቸው ደወሉ።

"እሑድ በስድስት ሰዓት ለምሳ እመጣለሁ። ወንድሜ ነው የሚያመጣኝ" አሉ። "ለአንድ ጊዜ ነው። ዓሣ ከሸተተኝ ግን እንደወጣሁ በዚያው ነኝ፤ ሁለተኛ አልመለስም። ለባልሽ ንገሪው።"

እሑድ ጠዋት ቀማሚዋ ዶሮ ልትገዛ ወጣች። ዓሣ ሻጩ ብቻውን ቤቱ መሐል ቆሞ ዙሪያውን አየ። መጋረጃው ዓሣ ሊሸት ይችላል። የሶፋው ልብስ፣ የጠረጴዛው ልብስ፣ ሁሉም ሊሸት ይችላል። የእሱ አፍንጫ ከለመደው ቆይቷል፤ የአማቱ ግን አልለመደም። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ጨርቅ የተባለ ነገር ሁሉ ሰብስቦ፣ የራሱን የሥራ ሽርጥና በሩ ጀርባ የተሰቀለውን የሚስቱን ሽርጥ ጨምሮ፣ አንድ ላይ ሰማያዊው ሳፋ ውስጥ ከተተው። አንድ ሙሉ ጠርሙስ አቼቶ አፈሰሰበት። አሸ፣ አሸ፣ ጨመቀ። ውጭ ዝናብ ስለነበረ መጋረጃውን እርጥቡን መልሶ ሰቀለው፤ የቀረውንም ተኩሶ ቦታ ቦታው ላይ አነጠፈው። የካውያው ሙቀት ደግሞ እንፋሎቱን አስነሳው።

ቀማሚዋ ዶሮዋን ይዛ በሩን ስትከፍት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

"ማን ነው ያስመለሰው?"

"ማንም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"ንጽሕና ነው" አለ ዓሣ ሻጩ፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ።

"ሽርጤን ከመጋረጃው ጋር አጠብከው እንዴ?"

"አዎ።"

"በአቼቶ?"

"በአንድ ሙሉ ጠርሙስ።"

ቀማሚዋ ዶሮዋን እንዳቀፈች ሶፋው ላይ ቁጭ አለች፣ ወዲያው ብድግ አለች። ሶፋው የባሰ ነበር።

"ስማኝ" አለችው፣ አፍንጫዋን ይዛ። "የኔም ያንተም ሽታ ሰውነታቸው ያው ነው፣ ካርቦን ነው። ሰውነት በራሱ ጠባይ የለውም። ጠባዩን የሚሰጠው ጫፉ ላይ የተለጠፈው ነገር ነው። ትምህርት ቤት ፈንክሽናል ግሩፕ ይሉታል፤ እኔ ቆብ ነው የምለው። አንድን ሰው የዘበኛ ቆብ ብታደርግለት 'ቁም! ወዴት ነው?' ይልሃል። ያንኑ ሰው የሐኪም ቆብ ብታደርግለት 'ምላስህን አውጣ' ይልሃል። ሰውየው ያው ነው። ገባህ?"

"ምላሴን ላውጣ?"

"ዝም ብለህ ስማኝ! የኔው የአሲድ ቆብ ነው ያደረገው። ሶዳ ሲያገኘው ጨው ይሆናል። ጨው ሸትቶህ ያውቃል?"

"የለም።"

"አይሸትማ፤ አይበርም። የማይበር ነገር አፍንጫህ ጋ በምን ይደርሳል? ሽርጤ ላይ ጨው ሆኖ ተኝቶልኝ ነበር። አንተ አቼቶ ስታፈስበት ቆቡን መልሰህ ደፋህለት፣ ክንፍ አወጣ።"

"እና አሁን?"

"አሁንማ ሶዳ ነበር የሚያስተኛው፣ ግን..." ብላ ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ተኩል። ዶሮዋ ገና ጥሬ ናት። "ቆይ፣ መጀመሪያ ዶሮዋን ምድጃ ውስጥ ላስገባት" ብላ ሮጠች።

ከ"ግን" በኋላ የሚመጣውን መጠበቅ ነበረበት። አልጠበቀም። ሶዳውን በባልዲ በጥብጦ መጋረጃው ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ በእጁ ይረጭ ጀመር። ጨርቁ ቺስ እያለ አረፋ ደፈቀ። የማስመለሱ ሽታ ቀስ በቀስ ጠፋ። ዓሣ ሻጩ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

ቀማሚዋ ከኩሽና ብቅ አለች። "ባሕር ወደ ቤት ገባ እንዴ?"

"ሶዳ ያስተኛል አልሽኝ!"

"የኔን! ያንተ የአሚን ቆብ ነው ያደረገው፣ የተገላቢጦሽ ነው። እሱን አቼቶ ያስተኛዋል፣ ሶዳ ይቀሰቅሰዋል። 'ግን' ብዬህ ነበር እኮ!"

"አንዱን ስናስተኛ አንዱ ይነሳል" አለ ዓሣ ሻጩ ባልዲውን አስቀምጦ። "መንታ የወለድን ነው የሚመስለው።"

የሚያስቅ ቀን ቢሆን ኖሮ ትስቅ ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነባቸው። ጨርቁን ሁሉ እንደገና አወረዱ፣ መታጠቢያ ቤት ወስደው ገንዳው ውስጥ ወረወሩት፣ በሩን ዘጉት፣ ከሥሩም ፎጣ ወተፉበት። ግን ግድግዳውም ሶፋውም ጠጥቶ ጠግቧል። ቤቱ አሁንም እንደ ዓሣ ጀልባ ይሸታል፣ ያውም ተሳፋሪ ያስመለሰበት ጀልባ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ።

ቀማሚዋ ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጣች።

"ይሄ ያው የኔው አሲድ ነው። ከአልኮል ጋር አሙቀን ስናጋባው የኤስተር ቆብ ያደርጋል። አሽትተው።"

አሸተተ። አናናስ! የበሰለ፣ ጭማቂው በክንድ የሚወርድ አናናስ።

"ያ ነው ይሄ?"

"ያው ነው፣ ቆቡ ነው የተቀየረው። በል ሦስት ጠብታ አድርግ፣ እኔ ልብስ ልቀይር። ሦስት ብቻ! ይሄ አንድ በርሜል ከረሜላ ያጣፍጣል።"

ዓሣ ሻጩ ሦስት ጠብታ ምንጣፉ ላይ አደረገ። አሸተተ። ዓሣው አሁንም ያለ መሰለው። ሦስት ለሶፋው ጨመረ። ሦስት ለበሩ። "ሁለተኛ አልመለስም" ያሉት ጆሮው ላይ አቃጨለበት፣ ጠርሙሱ ከእጁ አመለጠ፣ የቀረው ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተደፋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይሄ ግን የሚለቀም አልነበረም። ሲያጎነብስ በሩ ተንኳኳ።

አማቱ ደፍ ላይ ቆመው ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ከኋላቸው ወንድማቸው ቆመዋል። ወንድምየው ዕድሜ ልካቸውን መኪና ቀለም ሲረጩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አፍንጫቸው ከእሳቸው ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

"ዓሣ ይሸትሃል?" አሉ አማቱ ወደ ኋላ።

"እኔ ምኑን አውቄ!" አሉ ወንድምየው።

አማቱ በአፍንጫቸው አየር ሳቡ። እንደገና ሳቡ። ከዚያ ፊታቸው እንደ ጧት ሰማይ በራ።

"አናናስ!" አሉ። "ውይ፣ አናናስ እንደምወድ ረስታችኋል ብዬ ነበር።"

ባልና ሚስት ተያዩ።

ምሳ ተበላ። ዶሮዋ ጥሩ ነበረች። አማቱ ግን ትንሽ ትንሽ ነው የቆረሱት፤ ለአናናሱ ቦታ እየተው መሆኑ ያስታውቃል። ወንድምየው ሦስተኛውን ቁራጭ ያነሳሉ። ሳህኑ ተነሳ። ሻይ ቀረበ። ሻዩ አለቀ። አማቱ የኩሽናውን በር ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

"አናናሱስ?" አሉ በመጨረሻ።

ቀማሚዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት ዓሣ ሻጩ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀድሞ ተናገረ። "አልቋል።"

አማቱ ወደ እሱ አልዞሩም። ከሠርጉ ጀምሮ ከእሱ ጋር በልጃቸው በኩል ነው የሚነጋገሩት። "መቼ አለቀ በይው።"

"ቅድም።"

"ማን በላው በይው።"

"እኔ።"

"ስንት ቢሆን ነው ቤቱ እንዲህ የሚሸተው?"

ዓሣ ሻጩ ሐቀኛ ሰው ነው፤ ሲዋሽም በሐቅ ነው የሚዋሸው። የሽታውን ልክ በአፍንጫው መዘነና አሰላ። "አሥራ አራት።"



"ጀግና ነው!" አሉ ወንድምየው።

"አንተ አፍህን ዝጋ!" አሉ አማቱ፣ እና ተነሱ። ቦርሳቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ። "ዓሣ ቢሸተኝ ይሻለኝ ነበር። ዓሣ ሥራው ነው ብዬ አልፈው ነበር። እናትሽ አራት ወር ቆይታ ስትመጣ አሥራ አራት አናናስ ተሸሽጎ የሚበላበት ቤት ነው እንዴ የገባሽው?"

"እማዬ..."

"በቃኝ። ንዳ፣ እንሂድ።"

ቀማሚዋ ወደ ኩሽና ዞረች። ባሏ የት እንደምትሄድና ምን ልታደርግ እንደሆነ ያውቃል። ሽንኩርት የለም። ወደ አማቱ ዞረ።

"እማማ!" አለ። በገበያ ያላወጣው ድምፅ ነበር። "እማማ፣ ይምጡ። አናናስ የለም። አልነበረም። ይምጡ ላሳይዎት።"

ሄዶ ፎጣውን አነሳ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፈተው።

አማቱ እንደ መኪና ብሬክ ቀጥ አሉ። ከዚያ፣ ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ በር ከፍተው የገቡ ሴት ናቸውና፣ መሐረብም ሳያወጡ ገቡ። ገንዳው ላይ አጎነበሱ።

"ዓሣ" አሉ። "እና ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ትንሽ ነው፣ ተደብቋል።"

ዓሣ ሻጩ የአቼቶውን ጠርሙስ አነሳና ጥቂት አፈሰሰ። ገንዳው ቺስ አለ። ዓሣው ዝም አለ፣ ሌላኛው ተነሳ።

"ኤዲያ!" አሉ አማቱ ወደ ግድግዳው እየተጠጉ። "ሕፃናት ክፍል! የጡት ልጆች! ይሄ ከዓሣው አሥር እጥፍ ይብሳል። ይሄም ያንተ ነው?"

ዓሣ ሻጩ የጠርሙሱን ክዳን ያጠብቅ ጀመር።

"አንተን ነው የምጠይቀው።"

"የኔ ነው" የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ቀማሚዋ ነበረች። "የኔ ነው እማዬ። አምስት ዓመት ሙሉ። አናናሱም ከዚሁ ነው የሚሠራው። አንቺ ቤት እያለሁ በሶዳ እያስተኛሁት ነው የኖርኩት።"

አማቱ ልጃቸውን አዩ። ገንዳውን አዩ። ልጃቸውን አዩ።

"ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤ 'ልጄ ከፍራፍሬ ጋር ነው የምትውለው' ስል?"

"አዎ።"

"አላፈርሽም?"

"አፍሬ እኮ ነው የደበቅሁሽ።"

አማቱ የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዓሣ ሻጩ አለቀሱ ብሎ ደነገጠ። ሳቅ ነበር፣ አፍንጫ የተያዘበት፣ እንደ ጀበና ቡልቅ ቡልቅ የሚል ሳቅ።

"እኔ ደግሞ የዚህን ምስኪን ነበር የማሸትተው!" አሉ። "በል አምጣ እስቲ ያንን ሶዳ።"

ሶዳውን ራሳቸው ጨመሩ። ዓሣው ነቃ። "አሁን አንተ መጣህ" አሉ። አቼቶ ጨመሩ። "አሁን አንቺ።" ሶዳ። "አንተ።" አቼቶ። "አንቺ።" በየመሐሉ ገንዳው ይፍለቀለቃል። ወንድምየውን ጠርተው "ይሄስ?" ይላሉ፤ እሳቸውም ገንዳው ውስጥ አፍንጫቸውን ከተው "ጥሩ ነው" ይላሉ። ቀስ በቀስ አማቱ የሚጨምሩትን አሳነሱ፤ በማንኪያ፣ ከዚያ በጣት። በመጨረሻ አረፋው ቆመ። አጎንብሰው ሳቡ።

"ማንም የለም" አሉ።

ቀማሚዋ መጥታ አሸተተች። ዓይኗ ፈጠጠ። "መሐል ላይ ነው! ብዙም አልኮመጠጠ፣ ብዙም ሶዳ አልሆነ። ሁለቱም ጨው ሆነው ተኝተዋል!"

"ጨው ከሆነ ውሃ ይወስደዋላ!" አሉ አማቱ። "አንዱን በሌላው ማስተኛት ምን ይሉታል? ሁለታችሁም ስታስተኙ ኖራችሁ እንጂ አላጠባችሁም። ውሃ! ንጹሕ ውሃ፣ ሰባት ጊዜ! ቧንቧውን ክፈት አንተ!"

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሰዓታቸውን አውልቀው ለወንድማቸው ሰጡ። ከዚያ መጋረጃውን በአንድ ጫፍ እሳቸው፣ በሌላው ዓሣ ሻጩ ይዘው ይጨምቁ ጀመር።

"ወደ ቀኝ ጠምዝዝ። ወደ ቀኝህ! እንደሚያመልጥህ ዓሣ ነው የምትይዘው፣ ጠበቅ አድርገው!" ትንሽ ቆዩና፣ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ "ቤታችሁ ይሸታል" አሉ። "ጨርቁ ዛሬ ይለቃል። ምንጣፉ ግን ያ አናናሳችሁ ጠጥቶታል፤ እሑድ መጥቼ አጥበዋለሁ። የሚቀጥለው እሑድ ሶፋውን እናወጣዋለን። ለናንተ ከተተወ እንደገና ታስተኙታላችሁ።"

ቀማሚዋ ፎጣውን አንስታ የደረቀ ግድግዳ ትጠርግ ጀመር፣ ፊቷን ላለማሳየት።

ዓሣ ሻጩ ሁለት እሑድ ብሎ በልቡ ቆጠረ። ጥቂት ነው።

"ግድግዳውስ፣ እማማ?" አለ።

"ግድግዳ ምን ሆነ?"

"ሸትቷል እኮ። ሁሉም ግድግዳ። በጣም ነው የሸተተው።"

አማቱ መጨመቁን አቁመው ትክ ብለው አዩት። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ጫፉን ግን አልለቀቀም።

"እሺ" አሉ። "ግድግዳውም ይታጠባል። በየእሑዱ አንድ ግድግዳ።"

ጣራውንም ሊጨምር አፉን ሲከፍት ሚስቱ እግሩን ረገጠችው።